ስንት ቶን ይበቃል? ሚኒ ኤክስካቫተር ለሚገዙ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሚኒ» የሚባለው ከስንት ቶን እስከ ስንት ቶን ያለው ነው?

ከ1 ቶን በታች ከሚመዝኑት ጀምሮ እስከ 6 ቶን ድረስ ያሉት ኤክስካቫተሮች፣ ማለትም የመሬት መቆፈሪያ ማሽኖች፣ በዚህ ስም ይጠራሉ። ከ6 እስከ 10 ቶን ያሉትን ብዙዎች «ሚዲ» ብለው ለብቻ ይመድቧቸዋል። አሠራራቸው ግን ከሚኒዎቹ ብዙም አይለይም፤ ከፊት ብሌድ (አፈር መግፊያ ሰሌዳ) አላቸው፣ ቡማቸውም (ዋናው ክንዳቸው) ከሥሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

በግርድፉ ሲታይ፣ 1 ቶን ገደማ የሚመዝን ማሽን እስከ 1.7 ሜትር ይቆፍራል። በዚህ መደብ ውስጥ እንደ ኩቦታ ኬ008 ያሉት የሚሄዱበት ሰንሰለት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ወርዳቸው 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከ1.5 እስከ 2 ቶን ያሉት ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ይቆፍራሉ፤ ሲሰበሰቡ 1 ሜትር ገደማ፣ ሲዘረጉ ከ1.2 እስከ 1.3 ሜትር ይሆናሉ። ከ2.5 እስከ 3.5 ቶን ያሉት ከ2.5 እስከ 3.1 ሜትር የሚቆፍሩ ሲሆን ወርዳቸው ከ1.5 እስከ 1.75 ሜትር ነው። የ5 እና የ6 ቶኖቹ ከ3.5 እስከ 3.9 ሜትር ይቆፍራሉ፣ ወርዳቸውም ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። 8 ቶንና ከዚያ በላይ ያለው ከ4 ሜትር በላይ ይወርዳል።

በመግለጫው ላይ «የሥራ ክብደት» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሙሉ ነዳጅ፣ መደበኛ ባኬት (መቆፈሪያ አካፋ) እና 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኦፕሬተር የተካተቱበት ነው። የተዘጋ ካቢን ያለው ማሽን ጣሪያ ብቻ ካለው ወንድሙ ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ሲያወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሁኔታ መመዘናቸውን ያረጋግጡ።

ምርጫውን ከየት ልጀምር?

ከቶን አይጀምሩ። ቶኑ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ውጤት ነው። መጀመሪያ አራት ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ማሽኑ የሚያልፍበት ጠባቡ መተላለፊያ ወርድ፣ የሚጎትተው መኪና የሚችለው ክብደት፣ ዘወትር የሚቆፈረው ጥልቀት፣ እና በማሽኑ የሚነሣው ከባዱ ዕቃ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማሽኑ ከዚህ አይብለጥ ይላሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ከዚህ አይነስ ይላሉ። የሚገዙት መጠን በሁለቱ መካከል ይገኛል። መካከል ላይ ምንም ካልተረፈ፣ ለምሳሌ መተላለፊያው 1 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 3 ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ማሽን የለም። ያኔ የሚበዛውን ሥራ የሚሠራውን ገዝቶ ሌላኛውን በኪራይ መሸፈን ይሻላል።

እዚህ ላይ «ዘወትር» የሚለው ቃል ሸክም አለበት። ከአሥር የሥራ ቀን ስምንቱን የሚሞላው ሥራ ነው መለኪያው። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ጥልቅ ጉድጓድ ብሎ 6 ቶን የገዛ ሰው የቀረውን ጊዜ በማይገባበት በር ፊት ይቆማል፣ ለማጓጓዣም በየጊዜው ሌላ መኪና ይከራያል።

2 ሜትር ጥልቀት ለመቆፈር 2 ሜትር የሚቆፍር ማሽን ይበቃኛል?

አይበቃም። በመግለጫው ላይ የሚታየው ከፍተኛ የመቆፈሪያ ጥልቀት የባኬቱ ጥርስ ጫፍ የሚደርስበት የመጨረሻ ነጥብ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ አርሙ (ከቡሙ ቀጥሎ ባኬቱን የሚይዘው ክንድ) ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ባኬቱን መሳብ የሚችልበት ስፋትም ጉልበትም አይቀርለትም። ከታች ደረጃው የተስተካከለ ወለል ማውጣት ሲፈለግ ደግሞ ጥልቀቱ የባሰ ያንሳል።

የሚፈለገውን ጥልቀት ለ0.8 ያካፍሉት። ለ2 ሜትር ቦይ መግለጫው ቢያንስ 2.5 ሜትር ማለት አለበት፤ ይህም ወደ 2.5 እና 3 ቶን መደብ ይወስዳል። ለ1.2 ሜትር ቦይ 1.5 ሜትር ይበቃልና የ1 ቶኑ ማሽንም ይደርሳል፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከጥልቀቱ ጋር የማሽኑ እጅ የሚደርስበት ርዝመትም መታየት አለበት። የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መራቅ ይገባዋል፤ አፋፉ ላይ የተከመረ አፈር ግድግዳውን ገፍቶ ይንደዋል። ትንሽ ማሽን ጥልቅ ቦይ ሲቆፍር አፈሩን ራቅ አድርጎ ለመጣል እጁ ስለማይደርስ ኦፕሬተሩ አፋፉ ላይ መከመር ይጀምራል። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው የሚገባበት ቦይ ከሆነ ደግሞ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ግድግዳውን የመደገፍ ወይም አፉን አስፍቶ ተዳፋት የማድረግ ጉዳይ ከማሽን ምርጫው በፊት መወሰን አለበት፤ ተዳፋት ከተደረገ የሚወጣው አፈር በእጥፍ ሊጨምር ይችላልና።

የመተላለፊያውን ወርድ እንዴት ልለካ?

በሩ ተከፍቶ፣ ማጠፊያው ያስቀረውን ቀንሰው፣ ከታች ከሰንሰለቱ ቁመት ላይ ይለኩ፤ ደግሞም ከላይ ከጣሪያው ቁመት ላይ። ከማሽኑ ወርድ ላይ በእያንዳንዱ ጎን 5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በድምሩ 10 ሳንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። መተላለፊያው ላይ መጠምዘዣ ካለ ይህ አይበቃም፤ ማሽኑ የሚዞረው በርዝመቱ ሰያፍ ስለሆነ መጠምዘዣው ላይ ያለው ስፋት በሜትር ወይም በእንጨት ተለክቶ መታየት አለበት።

ሰንሰለታቸው የሚሰበሰብ ማሽኖች ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰንሰለቱ በሃይድሮሊክ ይሰበሰባል፤ የብሌዱ ሁለት ጫፎች ግን በአብዛኛው በእጅ፣ ፒን ተነቅሎ ነው የሚታጠፉት። ፒኑ ዝጎ ከተጣበቀ ማሽኑ ከብሌዱ የተነሣ በበሩ አያልፍም። ካለፈ በኋላ ሰንሰለቱን ሳይዘረጉ ወደ ጎን ዞሮ መቆፈር ማሽኑን ይገለብጠዋል። የተሰበሰበው ወርድ ለማለፊያ ብቻ ነው።

ቁመቱም አይረሳ። ካቢን ወይም ጣሪያ ያለው ማሽን ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ይቆማል። ቤት ውስጥ ወይም ምድር ቤት ለሚገባ ማሽን የደህንነት ፍሬሙ ወደ ኋላ የሚታጠፍ መሆኑን ይጠይቁ።

ዕቃ ለማንሣትስ? መግለጫው ላይ ያለውን ቁጥር እንዴት ላንብበው?

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጥልቀት አይቶ ይገዛል፤ ከዚያ የኮንክሪት ቱቦ ወይም የጉድጓድ ክፈፍ ሲመጣ ማሽኑ አፍንጫው ይደፋል።

የማንሻ ሠንጠረዡ በዓለም አቀፉ የአይሶ 10567 ደረጃ መሠረት ሲዘጋጅ፣ ማሽኑን ሊገለብጥ ከሚችለው ክብደት 75 በመቶ፣ ወይም ሃይድሮሊኩ ከሚችለው 87 በመቶ ተወስዶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ይጻፋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ውስጥ የደህንነት ክፍተቱ አስቀድሞ አለ። ያንን ክፍተት «ትርፍ አቅም» ብሎ መብላት አይገባም፤ ሠንጠረዡ የሚሠራው በደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ነው፣ የሥራ ቦታው ደግሞ እንዲያ አይደለም።

በሠንጠረዡ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥሮች ይገኛሉ፦ ወደ ፊት ብሌዱ መሬት ነክቶ፣ ወደ ፊት ብሌዱ ተነሥቶ፣ እና ወደ ጎን። ሻጩ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው፤ ትልቁ እሱ ስለሆነ። መግዛት ያለብዎት የጎኑን አይተው ነው። ቱቦ ከማሽኑ ጎን ተነሥቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ ማሽኑ መዞሩ አይቀርም፤ ሲዞር አቅሙ ወደ ጎኑ ቁጥር ይወርዳል።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ እንሥራው። ውስጡ 60፣ ውጪው 75 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው የኮንክሪት ቱቦ አለ እንበል። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የቱቦው አካል በአንድ ሜትር ርዝመት 0.159 ሜትር ኩብ ስለሚሆን ክብደቱ 382 ኪሎ ግራም ነው። ርዝመቱ 2.4 ሜትር ከሆነ ወደ 917 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዚህ ላይ ሰንሰለትና መንጠቆ ይጨመራሉ። ባኬቱ ካልተፈታ እሱም ይታሰባል፤ ሠንጠረዡ በባኬት ወይም ያለ ባኬት መዘጋጀቱ ከግርጌው በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ባኬት በፍጥነት የሚቀየርበት ፈጣን መቀየሪያ ከተገጠመ የእሱም ክብደት ይቀነሳል። አሁን ከማሽኑ መዞሪያ መሃል 3 ሜትር ርቀት ላይ፣ በጎን በኩል፣ መሬት ደረጃ ላይ ያለውን ቁጥር ከሠንጠረዡ አውጥተው ከዚህ ጭነት ጋር ያወዳድሩ። የ3.5 ቶን ማሽን ብዙ ጊዜ አይደርስበትም፤ ሥራው የ5 ወይም የ6 ቶን ማሽን ነው። ለአንድ ሜትር ቱቦ ከሆነ ግን የ3.5 ቶኑ ሊበቃ ይችላል። በአንድ የቱቦ ርዝመት ልዩነት የማሽኑ መደብ ተቀየረ ማለት ነው።

ማሽኑ ለማንሣት እንዲሠራ ሕጋዊ መንጠቆ፣ በቡም ሲሊንደሩ ላይ የዘይት ቱቦ ቢፈነዳ ዘይቱን የሚይዝ ቫልቭ፣ ሲበዛበት የሚጮኽ ማስጠንቀቂያም ሊኖረው ይገባል። በባኬት ጥርስ ላይ ሰንሰለት ጠምጥሞ ማንሣት በየትኛውም መጠን ማሽን አይደረግም።

በፒክአፕ ልጎትተው እችላለሁ?

መኪናው በተሳቢ የሚችለውን በሰነዱ ላይ ያንብቡ፤ ከዚያ የማሽኑን ክብደት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ይደምሩ። 1.7 ቶን ማሽን፣ 600 ኪሎ ግራም ተሳቢ፣ 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጃክ ሃመር (ድንጋይና ኮንክሪት መስበሪያ) እና 100 ኪሎ ግራም የሚሆኑ ሁለት ትርፍ ባኬቶች ቢደመሩ 2.5 ቶን ያልፋሉ። ማሽኑ 2.7 ቶን፣ ተሳቢው 750 ኪሎ ግራም፣ ተገጣጣሚዎቹ 250 ኪሎ ግራም ሲሆኑ ድምሩ 3.7 ቶን ነው። ብዙ ጠንካራ ፒክአፖች የሚፈቀድላቸው ከፍተኛው 3.5 ቶን ስለሆነ፣ በፒክአፕ ለሚንቀሳቀስ ሰው የማሽኑ ክብደት ወሰን በተግባር 2.5 ቶን ነው።

ይህ ወሰን ሥራውን ሁሉ ይለውጣል። ከ2.5 ቶን በታች ያለ ማሽን በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የጭነት መኪና፣ ሌላ መንጃ ፈቃድ እና የመጓጓዣ ቀጠሮ ይከተሉታል። ቀኑን በአንድ ቦታ የሚውል ሥራ ካለዎት ይህ አያሳስብም። አጫጭር ሥራዎችን እያሳደዱ የሚሠሩ ከሆነ ግን ከጥልቀትም ከጉልበትም በፊት ይታሰብበት።

ትንሹ ማሽን ይዘገያል እንጂ ያው ሥራውን ይጨርሳል፤ ታዲያ ትልቅ ለምን ልግዛ?

መዘግየቱ ምን ያህል እንደሆነ ይቁጠሩት። 50 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድና 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 36 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ይላላል፤ 25 በመቶ ቢጨምር 45 ሜትር ኩብ ይሆናል። የ1.7 ቶን ማሽን ባኬት 0.04 ሜትር ኩብ ቢይዝ 1,125 ጊዜ መጫር አለበት። አንዱ ዙር 24 ሰከንድ ቢፈጅ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያውም ማሽኑ ሳይቆም። የዚህ ማሽን ባኬት ብዙ ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠብ ቦዩን በሁለት ምልልስ ማስፋት ይኖርበታልና ከዚያም ይበልጣል። የ3.5 ቶን ማሽን በ0.1 ሜትር ኩብ ባኬት 450 ጊዜ ጭሮ በ3 ሰዓት ይጨርሰዋል።

በሌላ በኩል ነዳጁ አለ። የ1.7 ቶኑ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ የ3.5 ቶኑ ከ3 እስከ 5፣ የ5 እና የ6 ቶኖቹ ከ5 እስከ 8 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይወስዳሉ። በሰዓት ሲታይ ትንሹ ይቆጥባል፤ በወጣው አፈር ሲታይ ግን ትልቁ ብዙ ጊዜ አይከስርም። ባለሙያ ኦፕሬተር በቀን የሚከፈለው ደግሞ በማሽኑ መጠን አይደለም።

መሬቱ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ማሽን ይቆፍረዋል?

የባኬቱን የመንቀያ ኃይል በኪሎ ኒውተን ይመልከቱ። በ1.7 ቶኑ ላይ 15 ገደማ፣ በ3.5 ቶኑ 30 ገደማ፣ በ5 እና 6 ቶኖቹ ከ40 በላይ ነው። የደረቀ ጠንካራ ሸክላ፣ ድንጋይ የበዛበት አፈርና ሥር ያለበት መሬት ከ3 ቶን በታች ያለውን ማሽን ያደክሙታል። ጥርሱ አልገባ ሲል ማሽኑ ራሱ ወደ ጉድጓዱ ይሳባል፤ ኦፕሬተሩም በጉልበት ለማሸነፍ ባኬቱን በጎኑ ይመታል። ከዚያ የቡሙ ማጠፊያ ፒንና ቡሽ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ይበላል፣ የመዞሪያው ማርሽም ይጎዳል።

ሥራዎ በአብዛኛው እንዲህ ያለ መሬት ላይ ከሆነ አንድ መደብ ከፍ ይበሉ። ወይም ደግሞ ባለ አንድ ጥርስ መንቀያ ይግዙ፤ መሬቱን አስቀድሞ በሱ ሰንጥቆ ኋላ በባኬት መጫር ለትንሽ ማሽን ትልቅ እፎይታ ነው።

ጃክ ሃመር ልገጥምበት አስቤያለሁ። መጠኑን ይለውጠዋል?

ይለውጠዋል። ሁለት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፤ ክብደትና የዘይት ፍሰት። ለ1.7 ቶን ማሽን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም፣ ለ3.5 ቶን ከ180 እስከ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሃመር ይስማማል። ከዚያ የከበደ ሃመር አርሙን ያንገላታል፣ ማሽኑን ከጎን ያነሣዋል። ከዚያ የቀለለው ደግሞ የማሽኑን ግፊት አይችልም፤ ሰውነቱ ይሰነጠቃል።

ፍሰቱ በደቂቃ በሊትር ይነገራል። የ1.7 ቶን ማሽን ለተገጣጣሚ የሚሰጠው 30 ሊትር ገደማ ነው፤ የ3.5 ቶኑ 60 ገደማ፣ የ5 እና 6 ቶኖቹ 75 እና ከዚያ በላይ። ሃመሩ ከሚፈልገው በታች ከሆነ ምቱ ይዳከማል። ከበለጠ ይሞቃል፣ ጎሚኖቹም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉት) ቶሎ ያልቃሉ። ለሃመር የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ የሚሄድና የመመለሻው ዘይት በማከፋፈያ ቫልቩ ሳያልፍ በፊልትሮ በኩል በቀጥታ ወደ ታንክ የሚመለስ መስመር ነው። የመሬት መሰርሰሪያ፣ መቆንጠጫ ወይም የሚያጋድል ባኬት የሚገጥም ሰው ግን በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ መስመር ያስፈልገዋል። ሁለቱንም የሚፈልግ በመቀየሪያ የሚለወጥ መስመር መኖሩን ሳይጠይቅ አይፈርም፤ በኋላ ማስገጠም ብዙ ወጪ አለው።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ መስበር ከሆነ ሥራው፣ ሚኒ ኤክስካቫተር በየትኛውም መጠኑ ደካማ ምርጫ ነው።

ጭራው የማይወጣ ማሽን ይሻላል ወይስ የተለመደው?

ጭራው የማይወጣው ማሽን ሲዞር የኋላ ሚዛን ብረቱ ከሰንሰለቱ ወርድ አይወጣም። ግድግዳ ሥር፣ መንገድ ዳር እና በሕንፃዎች መካከል ለሚሠራ ሰው ይህ የተሰበረ አጥርና የተላጨ ግድግዳ ማስቀረት ነው። በምላሹ ሚዛን ብረቱ ወደ መሃል ስለቀረበ፣ አምራቹ መረጋጋቱን ለመጠበቅ ብረቱን ያከብደዋል። ስለዚህ በአንድ ጥልቀት መደብ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ማሽን ብዙ ጊዜ ይከብዳል። የሞተር ክፍሉም ጠባብ ስለሚሆን ፊልትሮና ቀበቶ መቀየር ያስቸግራል።

ሥራው ሰፊ ሜዳ ላይ ከሆነ የተለመደው ጭራ ያለው ይሻላል፤ በጎን በኩል ያለው መረጋጋት ጥሩ ነው፣ ጥገናውም ቀላል ነው። የኋላውን ሲያዩ የፊቱንም አይርሱ፤ ቡሙ ተሰብስቦ ማሽኑ ሲዞር ከፊት የሚወስደው ቦታ በመግለጫው ላይ ለብቻው ተጽፏል። ከኋላ የማይነካ ማሽን ከፊት በቡሙ ግድግዳ ሊመታ ይችላል።

በ3.5 ቶንና በ4 ቶን መካከል የዋጋና የጥገና ልዩነቱ ለምን ይሰፋል?

ምክንያቱ ሞተሩ ነው። በአውሮፓው ስቴጅ 5 ሕግ ከ19 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ጀምሮ ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የጭስ ብናኝ ቁጥር ገደብ ተጥሏል፤ በአሜሪካው ቲየር 4 ሕግም መስመሩ የሚሰመረው እዚያው ላይ ነው። ገደቡን ለማሟላት ዲፒኤፍ የሚባለው የጥቀርሻ ማጣሪያ ይገጠማል። ለዚህ ነው ብዙ የ2.5 እና የ3.5 ቶን ማሽኖች ሞተራቸው ከ25 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚቆመው። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ማጣሪያውን ይዘው ይመጣሉ።

ዲፒኤፍ ያለው ማሽን ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። ሰልፈሩ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ (ከአንድ ሚሊዮን ክፍል በአሜሪካ ከ15፣ በአውሮፓ ከ10 የማይበልጥ)፣ አመዱ አነስተኛ የሆነ የሞተር ዘይት፣ እና የሚሞቅበት ሥራ። ጭነት ሳይኖርበት ለረጅም ሰዓት ሲነሣ የሚውል ሞተር በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለውን ሙቀት አያገኝም፤ ጥቀርሻው ይጠራቀማል፣ ማሽኑም ቆሞ ራሱን እንዲያጸዳ ይጠይቃል፤ ያ ችላ ከተባለ ጉልበቱን ይቀንሳል። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይፈጥናል። በሚሠሩበት አካባቢ የሚገኘው ናፍጣ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻሉ፣ ከ25 የፈረስ ጉልበት በታች የሆነ ማሽን መምረጥ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

ገልባጭ መኪና ለመጫን ስንት ቶን ያስፈልጋል?

የመድፊያ ቁመቱን ከመኪናው ሳጥን ቁመት ጋር ያወዳድሩ፤ ባኬቱ ሲከፈት ጥርሱ ወደ ታች ስለሚወርድ በመግለጫው ላይ ያለው ቁመት ከሳጥኑ ቢያንስ በ30 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። የ1.7 ቶኑ 2.4 ሜትር ገደማ ይደፋል፤ ትንሽ ገልባጭ ይጭናል። የ3.5 ቶኑ ከ3.2 እስከ 3.4 ሜትር ይደርሳልና ለመካከለኛ መኪና ይሆናል። ሳጥኑ ወደ 3 ሜትር ለሚጠጋ ትልቅ ገልባጭ ከ5 ቶን በታች አይውረዱ። ማሽኑን የአፈር ቁልል ላይ አውጥቶ መጫን የሚቻለው ቁልሉ ተጠቅጥቆ ደልዳላ ከሆነ ብቻ ነው።

የጎማ ሰንሰለት ወይስ የብረት?

ለሚኒ በአብዛኛው ጎማ። አስፋልትና ንጣፍ አያበላሽም፣ አይንቀጠቀጥም። ስለታም ድንጋይና የተሰበረ ኮንክሪት ላይ ቆሞ መጠምዘዝ ግን ይቀደዋል፤ ሰፊ ቅስት ይዞ መዞር ይገባል። ፍርስራሽ ላይ ለሚውል ማሽን ብረት።

ረጅም አርም ማዘዝ ጠቃሚ ነው?

ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይጨምራል። የመንቀያ ኃይሉና ጫፍ ላይ የሚያነሣው ክብደት ግን ይቀንሳል። ለለስላሳ አፈርና ለረጅም ቦይ ጥሩ ነው፤ ረጅም አርም ሲያዙ ተጨማሪ ሚዛን ብረቱን አብረው ይዘዙ። ሃመር ለሚገጥም ሰው አይመከርም።

በሁለት መጠኖች መካከል ተወዛገብኩ። ትልቁን ልውሰድ?

ሁለቱም በበሩ የሚገቡና በመኪናዎ የሚጎተቱ ከሆነ፣ ትልቁን። ትንሽ ማሽን እስከ አቅሙ ጥግ ሲሠራ ፓምፑ ይሞቃል፣ ፒኖቹ ይበላሉ፣ ኦፕሬተሩም ይደክማል። ትልቁ ግን ከበሩ ወርድ ወይም መኪናዎ ከሚጎትተው ክብደት የሚበልጥ ከሆነ ትንሹን ይውሰዱ። ማሽኑ ሥራ ቦታው ካልደረሰ ጉልበቱ ምንም አይጠቅምም።

ከመፈረም በፊት ሁለቱንም መጠኖች አንድ አንድ ሳምንት ተከራይቶ በራስ ሥራ ላይ ማየት ከሁሉም ምክር ይበልጣል። ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከተሳሳተ ግዢ ጋር አይወዳደርም።

በአንድ ዋጋ ያገለገለ ትልቅ ወይስ አዲስ ትንሽ?

ሥራዎ ትልቁን የሚፈልግ ከሆነ ያገለገለውን፣ ግን እነዚህን ካዩ በኋላ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ፤ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ባኬቱን ሙሉ አድርገው ቡሙን ከፍ አድርገው ሞተሩን አጥፍተው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በዓይን በሚታይ ፍጥነት ከወረደ የሲሊንደር ጎሚኒ ወይም ቫልቭ አልቋል። ባኬቱን መሬት ላይ አስነክተው ቡሙን ቀስ ብለው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ፣ በላይኛውና በታችኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ የመዞሪያው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ በሚኒ ላይ ከከባዶቹ ወጪዎች አንዱ እሱ ነው። ሰንሰለቶቹን የሚያዞሩትን ሁለቱን የመንጃ ሞተሮች ከውስጥ በኩል ዘይት ማንጠባጠባቸውን ይመልከቱ። ማሽኑን በቀጥታ 20 ሜትር ይንዱት፤ ወደ አንድ ጎን የሚስት ከሆነ አንዱ የመንጃ ሞተር ወይም ፓምፑ ደክሟል።

የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ። ፔዳሉ፣ የመቆጣጠሪያ እጀታዎቹ ጎማና ወንበሩ ከቆጣሪው ጋር መመሳሰል አለባቸው። በጃፓን ገበያ ብቻ የተሸጠ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ከሚሸጠው ተመሳሳይ ስም ካለው ሞዴል ጋር አንዳንድ መለዋወጫ ላይገጥም ይችላል፤ የሴሪ ቁጥሩን ይዘው መለዋወጫ ሻጭ ጋር ይሂዱና ፊልትሮ፣ የጎማ ሰንሰለትና የመንጃ ሞተር ጎሚኒ መኖሩን ይጠይቁ።

ከማሽኑ ጋር ስንት ባኬት ልግዛ?

ሦስት ይበቃሉ፤ ለቱቦና ለገመድ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለመደበኛ ቁፋሮ 45 ወይም 60፣ ለማስተካከያና አፈር ለመመለስ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ወርድ ያለው ጥርስ የሌለው ባኬት። ሰፊውን ባኬት ለቁፋሮ አይጠቀሙበት፤ እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ ከ1.8 እስከ 2 ቶን ይመዝናልና ሲሞላ ማሽኑን ይደፋዋል። ያገለገለ ባኬት ለብቻው የሚገዙ ከሆነ የፒኑን ዲያሜትር፣ በሁለቱ ፒኖች መካከል ያለውን ርቀትና የአርሙን ጫፍ ወርድ በካሊፐር ለክተው ይሂዱ። በአንድ ቶን መደብ ውስጥ ያሉ ማሽኖች እንኳ በነዚህ በሦስቱ ይለያያሉ።